በበረዶ ያሳሰርኩት ካርድ

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ጄኔል ሶርቢ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ለእኔ ሳይሆን ለኬኩ ብላችሁ የመጣችሁ፣ ስማችሁን የማልጠራው የገንዘብ ቤት ሰዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ጄኔል፣ አዳራሹን ስላስጌጥሽው አመሰግንሻለሁ። አዳራሽ ስል የምሳ ክፍላችንን ማለቴ ነው፤ ዛሬ ግን ፊኛ ተሰቅሎበታል፣ ስለዚህ አዳራሽ ነው። ሮክሳን፣ ኬኩን ስለጋገርሽው አመሰግንሻለሁ። በላዩ ላይ በክሬም "መልካም ጉዞ" ብለሽ ጽፈሻል። ቤቴ ከዚህ ሦስት መንገድ ቢያልፍ ነው፤ ቢሆንም በደህና እንድገባ ስለተመኘሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። የበረዶ መሰርሰሪያ፣ የቀዘቀዘ ሐይቅ በስተው ዓሣ የሚያጠምዱበት! ሰባ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው የበረዶ መሰርሰሪያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት መልእክቱ ግልጽ ነው፦ "ሐይቁ ላይ ውጣ፣ ቀዳዳ ቆፍር፣ እዚያው ቁጭ በል፣ እንዳትመለስ።" ገብቶኛል። ዓሣውም ይገባዋል።

ጄኔል ቅድም በጆሮዬ "ጋሽ አርቪድ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ካለፍክ ፊኛዎቹ ይሟሽሻሉ" ብላኛለች። ይሟሽሹ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ የቁጠባና ብድር ማኅበር ስቀልድ ስታዳምጡኝ ኖራችኋል። ዛሬ ከቀልዶቼ አንዱ ምን እንዳደረገ ልነግራችሁ ነው። ከመካከላችሁ የምታውቁት የለም። እኔ ነኝ ደብቄው የኖርኩት።

የመያዣ ካርድ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየቀኑ የምትሰጡት እናንተ ናችሁና። ዛሬ ግን ባሎቻችሁና ሚስቶቻችሁም ስላሉ በአጭሩ ላስረዳ። ክሊፎርድ፣ የሮክሳን ባል፣ አንተ በተለይ አድምጠኝ፤ ጀልባ ስትገዛ እኔን ሳታማክር ነበርና።

የመያዣ ካርድ፣ ማንም የማያበድረው ሰው ሦስት መቶ ዶላር አስይዞ እስከ ሦስት መቶ ዶላር በዱቤ የሚገዛበት ካርድ ነው። "ታዲያ ሰው የራሱን ገንዘብ ለምን ይበደራል?" ትለኝ ይሆናል። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ አንድ ዶላር አስከፍዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጀልባህን የምገዛው እኔ ነበርኩ። መልሱ ይኸው ነው፦ ሰውየው የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ የሚፈልገው ምስክር ነው። ለራሱ ራሱ ዋስ ይሆናል። በየወሩ ትንሽ ነገር ይገዛል፣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ይከፍላል፤ እኛ ደግሞ የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ለሦስቱም ድርጅቶች "ይህ ሰው ቃሉን ይጠብቃል" ብለን እንጽፍለታለን። ዓመት ገደማ ሲሆነው አበዳሪዎች የሚያዩት የብድር ነጥብ ያወጣል፣ መያዣው ይመለስለታል፣ ካርዱም ያለ መያዣ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ቤት ልግዛ ቢል የሚያናግረው ያገኛል። በቃ ይኸው ነው።

እኔ ታዲያ በምን እንደምታወቅ ታውቃላችሁ። በቆርቆሮው!

"ካርዱን ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ክተት። ውሃ ሙላበት። ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው። ግዛ ግዛ የሚል መንፈስ ሲመጣብህ ቆርቆሮውን አውጣና በረዶው እስኪቀልጥ ጠብቅ። ከቀለጠም በኋላ አሁንም ከፈለግከው፣ ግዛው።"

ይህን ምክር ለስንት ሰው ሰጠሁ? ቁጥሩን አላውቀውም። ለብዙዎቹ ሠርቷል፤ ይህን ማንም አይክደኝም። አንድ እንጨት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ በረዶ ላይ ለሚነዳው ሞተሩ አዲስ ወንበር አምሮት መቀለጡን መጠበቅ ቢያቅተው ቆርቆሮውን እንዳለ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ እዚህ መጥታ "የአንተ ምክር ማይክሮዌቬን አቃጠለው!" ብላ ጮኸችብኝ። "ካርዱስ?" አልኳት። "ካርዱ ደህና ነው" አለች። "እንግዲያው ምክሬ ሠርቷል" አልኳት። የማኅበራችን መጽሔት ይህን ሰምቶ ከቆርቆሮ ጋር ፎቶግራፍ አንሥቶኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ሁላችሁም አይታችሁታል። ፎቶው ላይ ፀጉር ያለው እኔ ነኝ።

ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ከመሰቀሉ ዓመት ተኩል ገደማ በፊት ነው፣ በሴፕቴምበር፣ ኢርማ ስኮግ ወደ ጠረጴዛዬ የመጣችው።

ኢርማን ታውቋታላችሁ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ የነበረችው ናት። ከእናንተ ግማሹን ያበላችው እሷ ናት፤ ክሊፎርድን ደግሞ ደጋግማ ያበላችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ከወደቡ በላይ ባለው ዳገት፣ ቢጫ ቀለም በተቀባች ትንሽ ቤት በኪራይ ትኖር ነበር። የቤቱ ባለቤት አዛውንቱ ብሬኬ ነበሩ። ኢርማ እዚያች ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ ባሏን ከዚያች ቤት ቀብራለች፣ ከደረጃው አጠገብ ሩባርብ የሚሉትን አገዳው የሚጎመዝዝ ተክል ተክላ በየበጋው በስኳር እየቀቀለች ለጎረቤት ታድላለች። ብሬኬ "አንድ ቀን ከሸጥኩት ላንቺ ነው የምሸጠው" ብለዋት ነበር። እሷም የዚያን ቀን ባዶ እጇን እንዳትገኝ ብላ ነው ወደ እኔ የመጣችው።

"አርቪድ" አለችኝ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች፣ "እኔ በሕይወቴ የሰው ዕዳ ኖሮብኝ አያውቅም።"

"ለዚህ እኮ ነው የማትታወቂው" አልኳት። "ዕዳ የሌለበት ሰው እኛ መዝገብ ላይ ገና አልተወለደም።"

"ስድሳ ልሞላ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ አልተወለድሽም ትለኛለህ?"

"እንኳን ደስ ያለሽ! ዕድሜ ከምትደብቂ ይህ አይሻልም?"

ሳቀች። አብረን ሳቅን። ካርዱን አወጣሁላት፣ ሦስት መቶ ዶላር አስያዘች። ቀጥሎ "አሁን ምን ላድርገው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። "ኢርማ፣ ገንዘብ እጅሽ ላይ ይቆማል ወይስ ይፈሳል?" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ይህች ሴት በሕይወቷ የማያስፈልጋትን ነገር ገዝታ አታውቅም፤ የተቀደደ ጓንት ሰፍታ የምትለብስ ሴት ናት። እኔ ግን አልጠየቅኳትም። ለምን እጠይቃለሁ? ቀልዱ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ለአባካኝ የሚታዘዘውን መድኃኒት ለቆጣቢዋ አዘዝኩላት። ስለ ቆርቆሮው ነገርኳት።

"መያዣውስ?" አለችኝ።

"ጨዋ ከሆንሽ ቤትሽ ድረስ በፖስታ ይመጣልሻል" አልኳት።

ኢርማ የተባለችውን የምታደርግ ሰው ናት። አንድ ማንኪያ ጨው ካልካት አንድ ማንኪያ ናት፤ አንድ ማንኪያ ከሩብ አትሆንም። ቤቷ ሄደች፣ ካርዱን ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች፣ ውሃ ሞላችበት፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠችው። ምንም የሚያምራት ነገር ስላልነበረ አንድም ቀን አላወጣችውም።

ማኅበራችን ያን ጊዜ ምን ደንብ ነበረው? የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ፦ ለስድስት ወር ያልተሠራበት ካርድ ይዘጋል፣ መያዣው ለባለቤቱ ይመለሳል። ደብዳቤዎቹ ይታተማሉ፣ እኔ እፈርማለሁ።

በሜይ ወር የዓሣ ማጥመጃው ወቅት የሚከፈትበት ዋዜማ ነበር። በዚያ አርብ ከሰዓት በኋላ በዚህ ከተማ የሚሠራ ሰው ካለ ወይ በሽተኛ ነው ወይ እንግዳ ነው። ጀልባዬ ከመኪናዬ ኋላ ታስራ ውጭ ቆማለች። የሚፈረሙት ደብዳቤዎች አርባ አንድ ነበሩ። ስም አላነበብኩም። እንደ ማሽን ፈረምኩ። ከመካከላቸው አንዱ የኢርማ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኢርማ በዚያ በር ገባች። በእጇ ሙሉ ትሪ የሎሚ ኬክ ይዛለች። በሌላው እጇ ደብዳቤውን።

"ተመለሰልኝ! አርቪድ፣ መያዣው ተመለሰልኝ! እንዳልከው በፖስታ መጣ!"

"አላልኩሽም?" አልኳት፣ አፌ በኬክ ተሞልቶ።

ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። "ይኸው ፊርማህም አለበት" አለችኝ። አየሁት። ፊርማዬን ብቻ አየሁ። ቆንጆ ፊርማ ነው፤ ስፈርም ሁልጊዜ ጭራውን አስረዝማለሁ። ከፊርማው በላይ ያለው "በተቋሙ የአሠራር መመሪያ መሠረት የሒሳብ ግንኙነቱ ተቋርጧል" ይላል። እሱ የእኛ ቋንቋ ነው፤ ለሰው ልጅ የተጻፈ አይደለም። ለኢርማ የገባት አብሮት የመጣው የሦስት መቶ ዶላር ቼክ ነው። አለፍኩ፣ ተሳካልኝ፣ ጨዋ ተባልኩ ብላ ነው የመጣችው። እኔም አንድ መስመር ከፍ ብዬ ባነብ ኖሮ "ኧረ ኢርማ፣ ይሄ እኮ መዘጋቱ ነው፤ ነይ ዛሬውኑ እንክፈተው" እላት ነበር። ጊዜም ነበረን።

"ካርዱስ?" አለችኝ። "ከበረዶው ይውጣ?"

"ተይው፣ ይቀዝቅዝ! ሙቀት አይወድም!" አልኳት።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

በሚቀጥለው ጃንዋሪ አዛውንቱ ብሬኬ ልጃቸው ዘንድ፣ ሙቀት ወዳለበት አገር ሊሄዱ ሆነ። ቃላቸውን ጠበቁ፦ "ኢርማ፣ ቤቱ ያንቺ ነው፤ እስከ ማርች መጨረሻ ብድርሽን አስፈቅደሽ ነይ። ከዚያ ካለፈ ግን ልጆቼ አይታገሱኝም" አሏት። ኢርማ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ካፖርት ለብሳ መጣች። በጫማ ካርቶን ውስጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የኪራይ ደረሰኝ ይዛለች። አንድ ወር ዘግይታ አታውቅም። አንድ ወር!

ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩ። ነጥብ የለም። ካርድ፦ ተዘግቷል፤ ምክንያት፦ ሥራ ላይ አልዋለም። የዘጋው ሠራተኛ፦ አ. ሌህቶላ።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ቆርቆሮው፣ ደብዳቤው፣ የሎሚ ኬኩ።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"ኮሚቴው ያየዋል" አልኳት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አንዱ የቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን ሃልቮር ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ደንቡ ክፉ አልነበረም። "በቂ ማብራሪያ ካለ ነጥብ ለሌለው ሰውም ሊፈቀድ ይችላል" ይል ነበር። ሃልቮር ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፣ ወዷቸዋል። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

"አርቪድ፣ አንተ ታውቃታለህ። ካርድ ተሰጥቷት ለምን ተዘጋባት?"

እኔም መለስኩ፦ "አልተጠቀመችበትም።"

እውነት ነው። እያንዳንዱ ፊደል እውነት ነው። እውነት ተናግሮ መዋሸት እንዴት እንደሚቻል ልታውቁ ከፈለጋችሁ ከእኔ ተማሩ። "እኔ ነኝ እንዳትጠቀምበት የነገርኳት" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ያ ነበር በቂ ማብራሪያው። ሃልቮር እስክናገር ሲጠብቅ ትዝ ይለኛል፤ እስክሪብቶውን በጣቱ እያሽከረከረ ጠበቀኝ።

ለምን ዝም አልኩ? ሥራዬን ያስለቅቁኛል ብዬ ነው? አይደለም፤ ሃልቮር በዚህ ሰው አያባርርም። እውነተኛውን ልንገራችሁ። ያ ፎቶ፣ ከቆርቆሮው ጋር የተነሣሁት፣ በዚያው ሳምንት ነበር ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው። ሁሉ ሰው ትከሻዬን መታ መታ እያደረገኝ ነበር። እሱ እንዳይወርድብኝ ነው። አንዲት ሴት ቤቷን ያጣችው ለአንድ ፎቶግራፍ ነው።

ሃልቮር "እንግዲህ የተሰጣትን ካልተጠቀመችበት..." ብሎ ካርቶኑን ከደነው።

ውሳኔውን የነገርኳት በስልክ ነው። ጠረጴዛዬ ፊት አስቀምጬ ልነግራት አልደፈርኩም። በማግስቱ መጣች። ቆርቆሮውን ይዛለች። አልተቆጣችም፣ ድምጿንም አላነሣችም። ቆርቆሮውን ገልብጣ ሥሩን መታ መታ አደረገችው፤ በረዶው እንደ ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አለ። በመካከሉ ካርዱ ይታያል።

"ከቀለጠም በኋላ ከፈለግሽው ግዢው ብለኸኝ ነበር" አለችኝ። "ይቅለጥ። እኔ ቤቱን አሁንም እፈልገዋለሁ።"

ወጥታ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምንም አልሠራሁም። ቁጭ ብዬ አየሁት። በረዶ በቢሮ ሙቀት ሲቀልጥ ቀስ ነው የሚለው። ወረቀቶቼን አራሰ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ገባ፣ ሱሪዬ ላይ ተንጠባጠበ። ሮክሳን፣ አንቺ መጥረጊያ ይዘሽ መጣሽ። "ጋሽ አርቪድ፣ ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?" አልሽኝ። "አዎ" አልኩሽ። ምስኪን ሮክሳን፣ ጣሪያ ሠሪ ጠርተሽ ነበር። ጣሪያው ደህና ነው ብሎሽ ሲሄድ "ሌባ ነው፣ ሌላ ጥሪ" ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለእሱም ይቅርታ።

ቢጫዋን ቤት በጋ በጋውን የሚመጡ የሩቅ ከተማ ሰዎች ገዟት። ግራጫ ቀቧት። ሩባርቡን አረም መስሏቸው ነቀሉት። ኢርማ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ያለውን ክፍል ተከራየች። ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ከወለሉ ሥር ቀኑን ሙሉ ማሽን ይሽከረከራል።

ወደ እኛ መምጣቷን ግን አልተወችም። ወደ እኔ ጠረጴዛ ሳይሆን ወደ ሮክሳን መስኮት። እኔን ስታገኝ "ደህና ዋልክ" ትለኛለች። ሌላ የለም። ደህና ዋልክ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ሮክሳን ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ እሷ ራሷ ረስታዋለች። ቤቱ ከሄደ ከዓመት በኋላ ኢርማ በፖስታ የመጣላትን የአንድ ሩቅ ኩባንያ የመያዣ ካርድ ማስታወቂያ ይዛ መጣች። ሮክሳን መነጽሯን አድርጋ ትንንሹን ጽሑፍ አነበበችላት። "ኢርማዬ፣ ይሄ በዓመት ሰባ አምስት ዶላር፣ በወር ደግሞ ሌላ ይቆርጥብሻል። ሳትነኪው ሦስት መቶሽን ይበላዋል። ለመዝጋቢዎቹም ሪፖርት ማድረጉን የትም አልጻፈም። የማይመሰክርልሽ ምስክር ምን ያደርግልሻል? የዓመት ክፍያ የሌለው፣ ለሦስቱም የሚያሳውቅ፣ መያዣውን መቼ እንደሚመልስ የጻፈ ነው የሚመረጠው።" ከጠረጴዛዬ ሆኜ እሰማ ነበር። አንገቴን ደፍቼ።

ከዚያ ሮክሳን የእኛኑ ካርድ አዲስ አወጣችላትና ያቺን እኔ ያልጠየቅኳትን ጥያቄ ጠየቀች። "ኢርማ፣ ካርድ ኖረሽም አልኖረሽም፣ በየወሩ የማይቀርልሽ ግዢ ምንድን ነው?"

ኢርማ አሰበች አሰበችና "የወፍ እህል" አለች።

"እንግዲያው የወፍ እህሉን በካርዱ፣ ሌላውን በእጅሽ። ሒሳቡ ሲመጣ መያዣ አለኝ ብለሽ እንዳትተዪው፤ መያዣው መያዣ ነው፣ ክፍያ አይደለም። ሙሉውን ክፈይ። እስከ ጣሪያው ሞልተሽም እንዳትገዢ፤ ሠላሳ ዶላር ይበቃል። ሲመለስልሽ ደግሞ ደብዳቤውን ይዘሽልኝ ነይ፣ አብረን እናነበዋለን።"

በአሥራ አንድ ወር ነጥቧ ወጣ። ጥሩ ነጥብ ነው፤ ከእኔ ይበልጣል። ዛሬ ኢርማ ስኮግ በዚህ ከተማ ማንኛውንም ቤት ለመግዛት ብድር ይፈቀድላታል። የምትፈልገው ቤት ግን አንድ ነበር፤ እሱም ግራጫ ሆኗል። በልብስ ማጠቢያው ቤት መስኮት ላይ የተሰበሰቡትን ወፎች ካያችሁ፣ እነሱ ናቸው የእሷ ምስክሮች።

ሮክሳን፣ የእኔ ሠላሳ አራት ዓመት ያቺን አንዲት ጥያቄሽን አያህልም። ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ያንቺ ነው። ቀልድ ከፈለግሽ ቀልጂ፤ ቀድመሽ ግን ጠይቂ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ሹካችሁን ለአፍታ አስቀምጡልኝ። ክሊፎርድ፣ አንተም። ጄኔል፣ ኬኩ ያለበትን ትሪ ቀስ አድርገሽ አንሥተሽ ከሥሩ በተለጠፈው ፕላስተር ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ።

አዎ። "ኢ. ስኮግ።"

በዚህ ትሪ ስንት ልደት አክብረናል? የሁላችሁንም። ከመካከላችሁ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ የገንዘብ ቤት ሰው ነው፣ ስኮግ የፋብሪካው ስም መስሎት "ጥሩ ብረት ይሠራሉ" ብሎኛል። እኛ አገር ትሪውን ለሰው የሚልክ ከሥሩ ስሙን የሚለጥፈው እንዲመለስለት ነው። የተቀበለ ሰው ደግሞ ባዶውን አይመልስም፤ አንድ ነገር ጋግሮ፣ ሞልቶ ነው የሚመልሰው። ይህ ትሪ ያቺ ሰኞ የሎሚ ኬኩ የመጣበት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ያልመለስኩት ምን እንደምሞላበት ስላላወቅኩ ነው።

ትናንት ደወልኩላት።

"ኢርማ፣ ነገ ስንብቴ ነው። ትመጪ እንደሆን ብዬ ነው።"

የማሽኖቹ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

"ሥራ አለኝ" አለች። ቀጥላም "ትሪዬ እዚያ ነው?" አለችኝ።

"አለ።"

"ባዶውን እንዳታመጣው" ብላ ዘጋችው።

አያችሁ፣ አታምጣው አላለችም። ሌሊቱን ሁሉ ይህን ነው ያሰብኩት። ባዶውን ነው ያለችው።

ስለዚህ ነገ ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያውን ቤት ደረጃ እወጣለሁ። የሎሚ ኬክ ጋግሬ። ከትናንት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም አሳርሬያለሁ፤ የልጅ ልጄ ቀምሳ "አባባ፣ ይሄ ለዓሣ ማጥመጃ ነው?" ብላኛለች። ሦስተኛው ይሳካል። በሩ ሲከፈት አልቀልድም። ለሃልቮር ያላልኩትን ነው የምላት፦ "ኢርማ፣ እንዳትጠቀሚበት የነገርኩሽ እኔ ነኝ። የዘጋሁብሽም እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።" ይቅር ማለቷን አላውቅም። እሱ የእሷ ነው፣ ልለምናት እንጂ ላዛት አልችልም። ትሪውን ተቀብላ በሩን ብትዘጋብኝም ልክ ናት።

ጄኔል፣ ይህችን ፖስታ ተቀበይኝ። ለኮሚቴው ነው። ያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ ጽፌበታለሁ፤ በኢርማ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ። ከሥሩ ፈርሜያለሁ፣ ጭራውን አላስረዘምኩትም። በዚህ መሥሪያ ቤት ከፈረምኳቸው ሁሉ ቃል በቃል ያነበብኩት ደብዳቤ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፎቶውንም ሳልፍ ከኮሪደሩ አውርጄዋለሁ፤ ምስማሩን ግን ትቼላችኋለሁ፣ ኮፍያ ስቀሉበት።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይወጣም። ገንዘባችሁ ከልባችሁ አይብዛ፣ ልባችሁም ከገንዘባችሁ አይነስ። በጠረጴዛችሁ ፊት የሚቀመጥ ሁሉ ከመጣበት ቀና ብሎ ይሂድ። የምትፈርሙትን የምታነቡበት ዓይን አይንሣችሁ፤ አርብ ከሰዓት በኋላም ቢሆን። ጥፋታችሁን ለመናገር ዘጠኝ ዓመት አይፍጅባችሁ። ሐይቁ በሰዓቱ ይቀዝቅዝላችሁ፣ በሰዓቱም ይቅለጥላችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻለ ቀልድ ይወቁ፤ ያ እንኳ አይከብዳቸውም።

ሩቅ አልሄድም። ሐይቁ ላይ በመሰርሰሪያችሁ የቆፈርኩት ቀዳዳ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። ስትመጡ ትኩስ ነገር ይዛችሁ ኑ።

አሁን እባካችሁ ኬኩን ጨርሱልኝ። ትሪውን ማጠብ አለብኝ።